ጋሽ ሰይድ የፈረሙበት ወረቀት

ረውዳ ማክሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። ሀዋሳ፣ ሥራ ቦታዬ ላይ ነበርኩ። ሰላምታውን አላስረዘመችውም። አባቷ ሱብሂን ሰግደው ጋደም እንዳሉ ወደ አኼራ መሄዳቸውን፣ ቀብራቸውም ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ አዋሽ እንደሚሆን ነገረችኝ። ሰዓቴን አየሁ። ከሀዋሳ ተነስቼ ለቀብሩ የምደርስበት መንገድ አልነበረም። እሷም ገብቷታል መሰለኝ፣ «እንድትደርስ ብዬ ሳይሆን እንድትሰማ ብዬ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ ሟቹ ምኔ እንደሆኑ ጠየቀኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ ጎረቤቴም አልነበሩም። ሰመራ ውስጥ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ሁለት ዓመት ያህል አብረውኝ የሠሩ ነርስ ናቸው። ስማቸው ሰይድ ነው፤ እኛ ጋሽ ሰይድ እንላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አውቄአለሁ፤ እንደ እሳቸው አድርጎ ከራሴ ጋር ያጣላኝ ሰው ግን የለም።

ጋሽ ሰይድ የተወለዱት አዋሽ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ። አባታቸው ከወሎ ወርደው የሐዲድ ሠራተኛ ሆነው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው በጣቢያው ክሊኒክ ጽዳት ጀምረው፣ ቁስል ማጠብ ለምደው፣ ድሬሰር ሆነው፣ ኋላም ተምረው ነርስ ሆኑ። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም ወደ ታች ወረዱና ዱብቲ ውስጥ በጥጥ እርሻው ሠራተኞች መካከል ብዙ ዓመት አገለገሉ። ድርጅታችን ለሾፌሮቹ ክሊኒክ የቀጠራቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ረውዳ ያን ጊዜ ሰመራ ላይ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፤ ድርጅቱ በሰጣቸው ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ጺማቸውን ሂና ይቀቡታል። በዚያ አቧራና ንፋስ ነጭ ጋዋናቸው ነጭ ሆኖ እንዲውል በየቀኑ ራሳቸው ያጥቡት ነበር። እጃቸውንም እንደዚሁ፤ አንድ ሰው መርምረው ሌላውን ከመጥራታቸው በፊት እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ውሃ በቦቴ በሚመጣበት ከተማ ይኼ ልማዳቸው ከግቢው ዘበኞች ጋር ያጨቃጭቃቸው ነበር። ለማንም አልተውትም።

እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ከአዳማ የሄድኩ ወጣት ነበርኩ። ድርጅቱ ወደ ወደብ በሚወስደው የገላፊ መስመር ለሚመላለሱት ሾፌሮቹ የእጅ ሰዓት የሚመስል መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። መሣሪያው የልብ ምታቸውን እየቆጠረ ሰመራ ወዳለው ኮምፒውተር ይልካል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ምቱ ሲጨምርና ሲቀንስ እያየ የሾፌሩን ስሜት ይናገራል። የተረጋጋ ከሆነ አረንጓዴ፣ የተጨነቀ ከሆነ ቢጫ፣ የተናደደ ወይም የፈራ ከሆነ ቀይ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ በዚያ መንገድ ላይ በእንቅልፍና በንዴት ያለቀ ሰው ብዙ ነው። የኔ ሥራ ስክሪኑን መጠበቅና ቀይ ሲበራ መደወል ነበር። ሾፌሮቹ መሣሪያውን «ካቴና» ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት እየመጡ «በል እሰረን» ይሉኛል፤ እስቃለሁ።

ክፍሌና ክሊኒኩ ጎን ለጎን ነበሩ፤ በመካከላቸው በር አለ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ሾፌር ከሰርዶ ወዲያ ቀይ ሆኖ ቀረ። ስክሪኑ «የተናደደ» ይላል። ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ልጽፍ ስል ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ደውዬ ምን እየሠራ እንደሆነ እንድጠይቀው ነገሩኝ። ደወልኩ። ሰውየው በቀትር ፀሐይ ጎማ እየቀየረ ነው።

«ይኼ ማሽን ልብ ምን ያህል እንደሚሮጥ ያውቃል» አሉኝ። «ከምን እንደሚሮጥ አያውቅም። እሱን ከፈለግህ ሰውየውን ጠይቅ።»

ይህን በተለያየ መንገድ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አላስታውስም። ጫት የቃመ፣ በረመዳን ውሃ የጠማው፣ ከቤቱ ክፉ ስልክ የተደወለለት፣ የሚደግፈው ቡድን ጎል ያገባለት፣ ለኮምፒውተሩ ሁሉም አንድ ነበሩ። እሳቸው ግን በሽተኛ ሲመጣ ሦስት ጣታቸውን የእጁ አንጓ ላይ አሳርፈው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይወዱም። ሲቆጥሩ ደግሞ መሬት መሬት ያያሉ እንጂ የሰውየውን ፊት አያዩም። ለምን እንደሆነ ጠይቄአቸው ነበር። ሰው ፊቱን ሲያዩት ልቡም የሚታዘበው ሰው ፊት እንደቆመ ሆኖ ይመታል፣ ብቻውን ተወት ሲያደርጉት ነው የራሱን ምት የሚመታው አሉኝ። ከዚያ ይጠይቁታል፤ ምን በላህ፣ እንዴት አደርክ፣ ከቤት ማን ደወለ። ጥያቄያቸው ከመርማሪ ይልቅ የቤተ ዘመድ ይመስላል። ሾፌሮቹ ለሚስቶቻቸው የማይናገሩትን ለሳቸው ይናገሩ ነበር።

ሙሳ የሚባል ሾፌር ነበረን። ሰርዶ ሲደርስ ሁልጊዜ ቀይ ይበራል። ስክሪኑ «የፈራ» ይለዋል። ሥራ አስኪያጁ እዚያ ነዳጅ እየቀዳ ሳይሸጥ አይቀርም ብሎ ጠረጠረና እንድከታተለው አዘዘኝ። ጋሽ ሰይድ ሰሙ። በማግስቱ «እግሬን ላፍታታ» ብለው ከሙሳ ጎን ገቢና ተቀምጠው ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ሳቅ ነበር። ሰርዶ ላይ ሻይ ቤት አለ፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዲት የባቲ ልጅ አለች፤ ሙሳ ሁለት ወር ሙሉ ሻይ እየጠጣ የልቡን ሳይነግራት ይመለሳል። ጋሽ ሰይድ በመዝገባቸው ላይ «ጤናማ» ብለው ጻፉለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሙሳና ልጅቷ ሲጋቡ ኒካው ላይ ምስክር ሆነው ቆሙ።

እኔ ግን በስክሪኑ ማመኔን አልተውኩም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ክፍሌ ያስገባና «ልብ የሚያነብ ልጃችን» ብሎ ያስተዋውቀኛል። ያን መባል እወደው ነበር።

አሁን ወደ ግርማ ልምጣ።

ግርማ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ብዙ ዓመት ያለ አደጋ ያሽከረከረ ሾፌር ነው። አንድ ነገሩ ብቻ ይገርመኝ ነበር። ሎጊያ ላይ መኪናውን አቁሞ ሲያርፍ የገቢናውን ሁለቱንም በር ከፍቶ ነው የሚተኛው፤ አቧራ ቢነፍስም አይዘጋውም። ክሊኒክ ሲመጣ ጋሽ ሰይድ ወንበር አውጥተው ውጭ፣ ጥላ ሥር ነው የሚለኩት። እሱን ብቻ ለምን እንዲያ እንደሚያደርጉት አልጠየቅኩም። ሙቀት አይችልም ብዬ ገምቼ ነበር።

አንድ ቀን ከገላፊ አብረው ከመጡ አራት መኪናዎች በአንዱ ጭነት ላይ ካርቶኖች ጎደሉ። የተጫነው ስልክ ነበር። ግርማ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ከሌሎቹ ወደኋላ ቀርቶ ስለነበር ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ሥራ አስኪያጁ እኔንና ጋሽ ሰይድን ጠርቶ አራቱንም ሾፌሮች አንድ በአንድ እንደሚጠይቅ፣ መሣሪያው እጃቸው ላይ እንደሚሆን፣ እኔ ስክሪኑን እንደማነብ ነገረን። ጋሽ ሰይድ ይህ የጤና መሣሪያ እንጂ የሌባ መያዣ አይደለም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ ስክሪኑ ፍርሃት ያሳይ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ያሳያል» አልኩ።

ጥያቄው የተደረገው ከግቢው ዳር ባለችው ቢሮ ነው። ቢሮ እንበላት እንጂ መስኮት ተቆርጦላት ጠረጴዛ የገባባት የጭነት ኮንቴይነር ናት። እኔ ስክሪኑን ይዤ ጠረጴዛው ዳር ተቀመጥኩ። ሦስቱ ሾፌሮች ተራ በተራ ገብተው ወጡ፤ ቢጫ ቢያሳዩም ቀይ አልደረሱም። ግርማ ገባ። የጥበቃ ኃላፊው የብረቱን በር ከኋላው ዘጋው። ገና ሳይቀመጥ ምቱ ከመቶ አልፏል። ስሙን ሲጠየቅ መቶ አሥራ ሁለት። ስለ ካርቶኖቹ ሲጠየቅ መቶ ሠላሳ አንድ። ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «የፈራ» አለ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ከጥያቄው ይልቅ በሩን በሩን ያያል። ጋሽ ሰይድ ጥግ ላይ ቆመው ነበር፤ አንድ ጊዜ «በሩን ክፈቱለት» አሉ፣ ማንም አልከፈተም፤ አልደገሙትም።

ግርማ ከወጣ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ለፖሊስ የሚሆን ወረቀት እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ክፍሌ ገብቼ ቁጥሮቹን አወጣሁ። ቁጥር ብቻውን ማንም አይረዳውም ብዬ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። «በምርመራው ወቅት የታየው የልብ ምት ለውጥ ተጠያቂው ድርጊቱን ለመፈጸሙ አመላካች ነው» ይላል። ማንም እንዲያ ጻፍ አላለኝም። ሙያዊ አነጋገር መስሎኝ ከራሴ ያመጣሁት ነው። ስጽፈው ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

የኔ ፊርማ ለፖሊስ አይበቃም ተባለ፤ የጤና ባለሙያ ይፈርም። ወረቀቱን ለጋሽ ሰይድ ወሰድኩላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይኼን ማን ጻፈው?» አሉኝ። እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ መጣና፣ ድርጅቱ ክሊኒኩን ለወጣት ነርስ ለመስጠት ማሰቡን፣ ቤቱም አብሮ እንደሚለቀቅ፣ ረውዳ ለመመረቅ ጥቂት ወራት እንደቀሯት፣ ይህን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደሚያዝንላቸው ሰው አድርጎ ነገራቸው። ጋሽ ሰይድ እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ፈረሙ።

ፖሊሶች ከሰዓት በኋላ መጡ። ግርማን ይዘውት በክሊኒኩ በር ሲያልፉ ቆም አለና «ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ እኮ ያውቁኛል» አላቸው። ቁጣ የለበትም፤ እንደሚያስታውሳቸው ሰው ነው ያለው። እሳቸው ቆመው ሰሙት እንጂ አልመለሱለትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሰይድ ሌላ ሰው ሆኑ። የሰው አንጓ ሲይዙ ቁጥር ይጠፋባቸውና እንደገና ይጀምራሉ። ምሳቸውን ሳይነኩት ይመልሱታል። በየቀኑ ከሥራ መልስ ረውዳ የሠራችውን ምግብ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ። ግርማ ሊያገኛቸው አልፈለገም፤ ምግቡንም አልተቀበለም። እሳቸው ለሌሎቹ እስረኞች ሰጥተው ይመለሳሉ፤ በማግስቱም ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሎጊያ ድረስ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። በመንገዱ ዳር የጭነት መኪናዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ በጥላቸው ሥር እየሄድን ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት ዘራፊዎች ግርማን መንገድ ላይ ይዘውት ነበር። መኪናውን ነጥቀው፣ እሱን ባዶ ኮንቴይነር ውስጥ ቆልፈው፣ ባለንብረቱ ማን እንደሆነ እንዲነግራቸው ሁለት ቀን ሙሉ እየመቱ ጠይቀውታል። ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር አይችልም። ይህን የነገራቸው ለሳቸው ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳይናገሩም አደራ ብሏቸዋል። ሾፌር ፈሪ ከተባለ ሥራ አያገኝም ብሎ ይሰጋ ነበር።

«ስፈርም ምስጢሩን እየጠበቅሁለት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ» አሉኝ። «ምስጢሩን ሳላወጣ እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ለማለት ምክንያት አያስፈልግም።»

ቀጥለው፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ ዐቃቤ ሕግ እሳቸውን በምስክርነት እንደቆጠራቸው ነገሩኝ። እኔም መጥቼ መሣሪያው ፍጥነት እንጂ ምክንያት እንደማያውቅ እንድናገር ጠየቁኝ። ሥራዬን አጣለሁ አልኳቸው። ቤተሰቤ ከኔ እንደሚጠብቅ፣ ማሽኑ የድርጅቱ ንብረት እንደሆነ፣ ሌላም ሌላም ደረደርኩ። እያዳመጡኝ ቆዩና «እሺ ሀብቴ» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር።

በችሎቱ ቀን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ራሴም አላውቅም። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ሰው ከሚጋርደኝ ቦታ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ማራገቢያው ይንጫጫል፤ ከውጭ ማርሽ የሚቀይሩ ከባድ መኪናዎች ይሰማሉ። ግርማ ከስቶ ነበር። ጋሽ ሰይድ የታጠበ ጋዋናቸውን ለብሰው መጥተዋል። ቁርአን ይዘው ማሉ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አሳያቸውና ፊርማው የሳቸው መሆኑን ጠየቃቸው።

«ፊርማዬ ነው» አሉ። «የተጻፈው ግን እውነት አይደለም።»

ክፍሉ ተንሾካሾከ። ዳኛዋ ዝም አሰኙና እንዲያብራሩ ጠየቁ። ጋሽ ሰይድ አንድ ደቂቃ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ። ተፈቀደላቸው። የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ግራ አንጓቸው ላይ አሳርፈው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየት አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። መቁጠር ጀመሩ።

አንድ ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላበጠ። የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ዳኛዋ አላቋረጧቸውም።

«መቶ ሃያ ሁለት» አሉ ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው። «ቁጭ ብድግ አላልኩም፤ ቆሜ ነው። ካርቶን አልወሰድኩም። በዚህ ወረቀት አቆጣጠር ግን ሌባው እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ ወደፊት ጠጋ አሉ። «ይህን እያወቁ ለምን ፈረሙ?»

«ፈርቼ ነው። ልጄ ከቤት እንዳትወጣ ፈርቼ።»

ቃሉን የጻፈው ማን እንደሆነም ተጠየቁ። ዓይናቸው ወደ ኋላ ወንበሮች እንኳ አልዞረም። «ከሥሩ ያለው ስም የኔ ነው» አሉ። «ስሜን ካኖርኩበት ቃሉ የኔ ነው፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ።» ከዚያ የግርማ ልብ ለምን እንደዚያ እንደመታ ያኔም ያውቁ እንደነበር፣ ምክንያቱ ግን የእሱ ስለሆነ እሱ ካልፈቀደ እንደማይናገሩት ተናገሩ።

ያኔ ግርማ ራሱ ተነሳ። ስለ ኮንቴይነሩ፣ ስለ ሁለቱ ቀን፣ በር ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን፣ ከማንም ደብቆት የኖረውን ሁሉ በሾፌር ጓደኞቹ ፊት ተናገረ። ድምፁ ተቆራረጠ እንጂ አላለቀሰም። ካጠገቤ የተቀመጠው ሙሳ ግን አለቀሰ።

ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ ግርማ በነፃ ተለቀቀ። የካርቶኖቹን ነገር ማንም አላጣራውም፤ ከመነሻው ጎድሎ እንደተጫነ ከወራት በኋላ ሲወራ ሰማሁ። የተለቀቀ ዕለት ጋሽ ሰይድ የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ጠበቁት፤ እኔ ራቅ ብዬ ነበርኩ። እንደማያያቸው ሆኖ በአጠገባቸው አልፎ ሄደ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ «ልክ ነው» አሉ።

ድርጅቱ በዚያው ሳምንት አሰናበታቸው። ረውዳ ቀሪዎቹን ወራት ጓደኞቿ ዘንድ ተጠግታ ተመረቀች። እሳቸው መጻሕፍታቸውንና ጋዋናቸውን በአንድ ሻንጣ ይዘው ወደ አዋሽ ተሳፈሩ። ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ስለ መንገዱ ሙቀት አውርቼ ተመለስኩ። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ከዓመት በላይ ቆየሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹን አስራለሁ፣ ቀይ ሲበራ እደውላለሁ። «በል እሰረን» የሚለኝ ግን አልነበረም። እጃቸውን ዘርግተው ዝም ይላሉ።

ሥራውን ለቅቄ ስመለስ አዋሽ ላይ ወርጄ አየኋቸው። ከጣቢያው አለፍ ብሎ ባለ መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ይዘው የመጣውን ሁሉ ደም ግፊትና የልብ ምት ይለኩ ነበር። አርጅተዋል። አስቀምጠውኝ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ስለ ወረቀቱ የማነሳበት ቃል ስፈልግ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣች፤ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ረውዳ በደወለችልኝ ማግስት ከሰዓት በኋላ አዋሽ ደረስኩ። በግቢው ሸራ ተወጥሯል፤ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቁርአን ይቀራሉ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሰዉ ለአስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ሲነሳ ረውዳ ወደ ጓሮ ጠራችኝና ጥላው ሥር ተቀመጥን። አሁን የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ዓይኖቿ የአባቷ ናቸው። ኢናሊላሂ አልኳት፣ አላህ ያጽናሽ አልኳት። ስለ መጨረሻ ቀናቸው ነገረችኝ። አልተሰቃዩም።

ከዚያ ስለ ግርማ አነሳች። አሁንም በዚህ መንገድ ይመላለሳል። አባቷ መኪናውን ከሩቅ ይለዩት ነበር፤ ባለፈ ቁጥር በረንዳው ላይ ይነሳሉ፤ እሱ ግን አይቆምም። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ቆመ። ገብቶ ተቀመጠ። ውሃ ሰጡት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ መቅረት አወሩ። ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነሳም። ጨርሶ ሲሄድ አባቷ እስከ መኪናው ሸኙት።

«ሲመለሱ ምን አሉኝ መሰለህ» አለች ረውዳ። «ይቅር አላለኝም፤ ግን ውሃዬን ጠጣ፣ አሉኝ። ያን ሌሊት ደህና ተኙ።»

ከሸራው በኩል የሰው ድምፅ ይመጣል። ረውዳ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች። «ስለዚያ ወረቀት ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ ራሳቸውን ነው የሚወቅሱት። ያን ዓረፍተ ነገር ግን በቃላቸው ያውቁታል፤ አመላካች ነው ምናምን የሚለውን። አባባ እንዲያ አይናገሩም። ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው ዝም ይሉኛል።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ለልጃቸው እንኳ አልነገሯትም። ለሷ እኔ ሰመራ ላይ አብሯቸው የሠራ፣ ሲሄዱ ሚኒባስ ድረስ የሸኛቸው ልጅ ነኝ። እንደዚያው ሆኜ ተነስቼ መሄድ እችል ነበር። የምሽቱ መኪና ገና አልወጣም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት። «ማንም አላዘዘኝም። ማን እንደጻፈው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ፍርድ ቤቱም ሲጠይቅ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።»

አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ትክ ብላ አየችኝ። ፊቴን ማዞር ፈለግሁ፣ አላዞርኩም። ውስጥ ሴቶቹ ስሟን ጠሩ፤ እንደምትመጣ ተናገረችና አልተነሳችም።

«ግርማ ያውቃል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አያውቅም።»

ከኪሷ ስልኳን አወጣች። ትናንት ለቀብሩ ስትደውልለት ገላፊ እንደነበረ፣ ዛሬ እየተመለሰ እንደሆነ ነገረችኝ። ቁጥሩን ፈልጋ ነካችውና ስልኩን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። ሦስት ጊዜ ጠራ። ከዚያ የሞተር ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩም ጠፋ፤ መኪናውን ዳር አስይዞ ያቆመ መሰለኝ።

«ረውዳ?» አለ ግርማ።

ስሜን ነገርኩት።